«ወንድ ናት» ብሎ ያወደሳት

የጉና ተራራ ጉም ገና ከሜዳው አልተነሣም። ሯጮቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲሉ መጀመሪያ ትንፋሻቸው ይሰማል፤ ቀጥሎ ጉልበታቸው፣ በመጨረሻ ፊታቸው ይታያል። ድንቅነሽ ይሻው የሩጫ ሰዓቷን ጨብጣ መግቢያው መስመር ላይ ትጠብቃቸዋለች። እንደ ልማዷ ቀድማ የገባችው ፈንታነሽ ናት። ሌሎቹም ተከታትለው ገቡ። አንዲት ብቻ ቀረች፤ ቀጭኗ የሐሙሲት ልጅ መሠረት ገና በወዲያኛው ጥግ እግሯን እየጎተተች ነበር።

«ሴቷ መጣች!» አለች አንዷ።

«ሴቷ! ሴቷ!» ሌሎቹ እያጨበጨቡ ተቀበሏት።

መሠረት እንደ ደረሰች እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ አጎነበሰች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ዛሬ እንኳ ሴት አልሆንም ብዬ ነበር» አለች፣ ለራሷ ያህል።

ድንቅነሽ ጆሮዋን አላመነችም። «ምንድን ነው ያላችሁት?»

«ጨዋታ ነው ኮች» አለች ፈንታነሽ፣ ላቧን በእጅጌዋ እየጠረገች። «መጨረሻ የወጣች ሴት ትባላለች። አንደኛ የወጣች ወንድ።»

«ይሄን ጨዋታ ማን ነው ያመጣው?»

ልጆቹ ተያዩ። ፈንታነሽ ግን የሚደበቅ ነገር አልታያትም፤ እንዲያውም ፊቷ በራ። «መምህር ዓለምነው ናቸዋ! ባለፈው በአዳራሹ 'ድንቅነሽ ወንድ ናት' ሲሉ ሕዝቡ ሁሉ ብድግ አላለም እንዴ? እኔም እንደ እርስዎ ወንድ መሆን ነው የምፈልግ።»

በድንቅነሽ ጃኬት ኪስ ውስጥ ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማን እንደ ሆነ ሳታየው ታውቃለች። ከሰሞኑ በየማለዳው በዚህ ሰዓት የሚደውል አንድ ሰው ነው። ስልኩ ነዘረ፣ ነዘረ፣ ቆመ። ልጆቹን ሰውነታቸውን እንዲያፍታቱ አዘዘቻቸውና ፊቷን ወደ ጉሙ አዞረች፤ የተናደደች አሠልጣኝ ማየት ለእነሱ ምንም እንደማይጠቅም ታውቃለችና።

ዓለምነው በደብረ ታቦር ከተማ ታሪክ ያስተምራል። ድምፁ የጠራ ስለሆነ ሩጫም ሆነ ስብሰባ ሲኖር ማይክራፎን የሚሰጠው ለእሱ ነው። ድንቅነሽንም ያወቃት በማይክራፎን ነው። ለክለብ በምትሮጥበት ዘመን ስሟን ከማንም አስረዝሞ የሚጠራው እሱ ነበር። ጉልበቷ ተጎድቶ ሩጫ ስታቆም ብዙ ሰው ስሟን ረሳ፤ እሱ ግን አልረሳም። አሠልጣኝ ስትሆን፣ ኋላም የከተማው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆና ስትሾም ከአጠገቧ አልራቀም፤ ሊያገባትም ወስኗል። እሱ የከተማ ልጅ ነው፤ የእናቱ ጨርቅ ሱቅ በገበያው መንገድ የማያውቀው የለም። እሷ ደግሞ ከገሳይ በላይ ገብስና ድንች ከሚያመርት ቤት የወጣች ናት። ይህ ልዩነት ለሁለቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም። ለእናቱ ለወይዘሮ አበበች ግን ነበር።

ከፋሲካ ቀጥሎ በዋለው እሑድ ምሳ ተጠርታ ከቤታቸው ሄዳ ነበር። እጇን ለመታጠብ ወደ ጓሮው ቧንቧ ወጣች። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነው።

«ወንድ ልታገባ ነው እንዴ አንተ ልጅ?» አሉ ወይዘሮ አበበች ከውስጥ። «ቢሮ ገብታ ወንዶቹን ስታዝ የምትውል፣ ቁምጣ ለብሳ አስፋልት ለአስፋልት የምትሮጥ! ባል የሚሆነው ማን ነው፤ አንተ ነህ ወይስ እሷ?»

ድንቅነሽ ቧንቧውን ሳትዘጋ የእሱን መልስ ጠበቀች። ውኃው እጇ ላይ ወረደ። መልስ አልመጣም። ገብታ ምሳዋን በላች፤ አመስግና ወጣች። ቅሬታዋን ለማንም አልተነፈሰችም፤ አንድ ቀን ራሱ ያነሣዋል ብላ ነበር።

እሱ ያነሣው በአዳራሽ ሆነ። ሴት ተማሪዎችን ለማበረታታት በተዘጋጀው ስብሰባ ላይ አንዲት ዳኛ፣ አንዲት ሐኪምና ድንቅነሽ አርአያ ተብለው ተጋብዘው ነበር። ከሐሙሲት እስከ ገሳይ ካሉ ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጃገረዶች አዳራሹን ሞልተውታል። ድንቅነሽን የማስተዋወቁ ተራ የዓለምነው ነው። ተነሥቶ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ጉዳቷ፣ ወድቃ ስለ መነሣቷ እንደዚያ አሳምሮ ሲናገር ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኔ ስለ እሷ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ ድንቅነሽ ወንድ ናት!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እሷም ፈገግ አለች፤ ሰው ሲያይ ፈገግ ይባላል። በጆሮዋ ግን ያ የጓሮ ውኃ እንደ ገና መፍሰስ ጀመረ። ወደ መድረኩ ስትወጣ ያዘጋጀችው ንግግር ከአፏ ጠፋ። ልጃገረዶቹ የሚሰሙትን ሰምተው ጨርሰው ነበርና የእሷ መናገር ትርፍ ነገር መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ሕይወት በሩን ገፋ አድርጋ አንገቷን አስገባች።

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ውጪ አንድ ባለጉዳይ አሉ። 'ጉዳዬን ለኃላፊዋ ብቻ ነው የምናገር' ይላሉ። እኔ ግን ከፊታቸው አንብቤዋለሁ።»

«ሥራ ይዣለሁ በያቸው።»

«ብያቸዋለሁ። 'እጠብቃለሁ' ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን የዓምና ማስታወቂያ እንደ አዲስ እያነበቡት ነው። ያሳዝናሉ!»

ድንቅነሽ ሣቋን ዋጠች። «ይግቡ በያቸው።»

ዓለምነው በሩ ክፍት እያለ እጅ ነሣ። «ኃላፊ፣ ትንሽ ጊዜ ይኖርዎት ይሆን?» ሕይወት በሩን ከኋላው እንደ ዘጋች ድምፁ ተቀየረ። «ድንቄ፣ ምን አድርጌሽ ነው? ስልክ አታነሺም፤ መልእክት አትመልሺም። ጥፋቴን ሳላውቅ ነው የምትቀጪኝ።»

«በአዳራሹ የተናገርከውን ታስታውሳለህ?»

«ቃል በቃል! ስንት ጊዜ ተለማምጄው።»

«መጨረሻው ላይ ምን አልክ?»

«ወንድ ናት አልኩ። እና? ሕዝቡ ቆሞ እኮ ነው ያጨበጨበው!»

«እናትህ 'ወንድ ልታገባ ነው እንዴ' ሲሉህ ግን ዝም አልክ።»

የዓለምነው ፊት አመድ መሰለ። ሳትጋብዘው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰምተሻል?»

«ጓሮ ነበርኩ። ሰምቻለሁ። የአንተንም ዝምታ ሰምቻለሁ።»

«ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም» አለ እጆቹን እያፋተገ። «ለብቻዋ አልመልስላትም፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው የምመልስላት ብዬ ነው። የፊት ረድፍ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። 'አዎ ወንድ ናት፣ ከወንድም ወንድ ናት' ልላት ነው። ለአንቺ ብዬ ነው ድንቄ! ለአንቺ ያልሆነ አንድ ቃል የለበትም።»

እውነቱን እንደሚናገር ከዓይኑ አየች። ያናደዳትም ይኸው ነው። ዋሽቶ ቢሆን፣ ወይም ሊያዋርዳት አስቦ ቢሆን ነገሩ በቀለለ።

«የወረወሩብኝን ድንጋይ አንሥተህ፣ አጥበህ፣ እንደ ጌጥ አንገቴ ላይ አሰርክልኝ» አለችው። «ድንጋይነቱን ግን አልቀየርከውም።»

«ታዲያ ምን ልበል? የበረታ ሰው ወንድ ነው ይባላል። ቋንቋው ነው! ከአማርኛ ጋር ልጣላ?»

«ከእኔ ጋር ከምትጣላ እሱ ይሻልህ ነበር።»

ቀጥላ ስለ መሠረት ነገረችው፤ ልጆቹ ስለ ጀመሩት ጨዋታ፣ «ዛሬ እንኳ ሴት አልሆንም ብዬ ነበር» ስላለችው። አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ስትጨርስ ግን፣ «ልጆች ናቸው፤ ይረሱታል» አለ።

ድንቅነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «እኔ ረሳሁ? ከልጅነቴ ጀምሮ ባሸነፍኩ ቁጥር ወንድ ተባልኩ። ስሸነፍ ደግሞ 'ምን ታድርግ፣ ሴት ናት' ይሉኛል። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር የወር አበባዬ ወገቤን እየቆረጠኝ ሮጬ አሸንፌያለሁ። ስሜን በማይክራፎን የጠራኸው አንተ ነህ። ያን ቀን የሮጠችው ማን ናት ዓለምነው? ወንድ ናት?»

የሚያውቃት ሴት ስለማያውቀው ቀን የምትነግረው መሰለው። ዓይኑን ከእሷ ላይ መንቀል አቅቶት ቆይቶ በመጨረሻ የመጣበትን ነገር አወጣ።

«እሑድ ሽማግሌዎቹ አባትሽ ዘንድ ገሳይ ሊሄዱ ነው። ምን ልበላቸው?»

«አይሂዱ በላቸው።»

«ድንቄ…»

«በሩን ስትወጣ ዝጋው።»

በሩን በቀስታ ዘጋው። ቢያላትመው ኖሮ ሄዳ ልትከፍትበት፣ ልትጮህበት ትችል ነበር። ያ ቀስታው ግን አስቀራት፤ ወረቀቶቿን እያየች አንድም መስመር ሳታነብ ውላ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ወይዘሮ አበበች ጥቁር ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተከሉ ሜዳው ዳር ብቅ አሉ። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። ድንቅነሽ ልጆቹን እያሯሯጠች ነበርና ፈጥና መጣች።

«እትዬ አበበች! በዚህ ጭቃ? ቢጠሩኝ እመጣ አልነበር?»

«አትመጪም። ልጄንም ስልክ አላነሣ ብለሽዋል።» አግዳሚው ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። «ምን አድርገሽው ነው? እህል አልቀምስ አለኝ። እናቱን ባደባባይ ማዋረዱ አልበቃ ብሎት ደግሞ ያኮርፋል!»

«እርስዎን አዋረደ?»

«አላዋረደም? ቤቴ የተናገርኩትን ወስዶ በማይክራፎን መለሰልኝ።»

ድንቅነሽ ልትሸሽገው አልፈለገችም። «ያሉትን ሰምቻለሁ እትዬ። ቧንቧው ጋ ነበርኩ።»

ወይዘሮ አበበች ጃንጥላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ሯጮቹ በፊታቸው አልፈው እስኪሄዱም ጠበቁ።

«ከሰማሽ ሰማሽ። አልክድም። ለምን እንዳልኩት ግን አልሰማሽም» አሉ በኋላ። «የዓለምነው አባት ሲሞት እሱ ገና ዳዴ ይላል። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ 'አይዞሽ፣ አንቺ ወንድ ነሽ' አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽሽ። ሱቁን ከፈትኩ፤ ጎንደር እየተመላለስኩ ጨርቅ አመጣሁ። ኋላ ጣራዬ ሲያፈስ ወንድሞቼን ጥሩልኝ ብል፣ 'እሷ ምን ትሆናለች፣ ወንድ አይደለች?' አሉ። ታምሜ ስተኛ ጠያቂ አጣሁ፤ 'አበበች ትነሣለች፣ ወንድ ናት' ይላሉ። አንዲት ቀን ቁጭ ብዬ ማልቀስ አማረኝ። ማን ያስለቅሰኛል? ወንድ አያለቅስማ!»

ድንቅነሽ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«ልጄ እንዲህ ያለች ሚስት አግብቶ እጁን አጣጥፎ 'እሷ ትችላለች' እንዲል አልፈለግኩም። ይኸው ነው ነገሬ።» ጥቂት አሰቡና ጨመሩ፤ «ቁምጣሽንም ወድጄው አላውቅም። እሱንም አልክድ።»

ድንቅነሽ ሣቋ አመለጣት። እሳቸውም በአፋቸው ጥግ ፈገግ አሉና ወዲያው ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ይሄን ለዓለምነው ለምን አልነገሩትም?»

«ምን ብዬ ልንገረው? እሱ እኮ 'የኔ እናት ወንድ ናት' እያለ ነው ከእኩዮቹ ጋር ሲደባደብ ያደገ። እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ከዚያ የሚበልጥ ቃል አያውቅም።»

ይህን ሲሉ ድንቅነሽ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲላላ ተሰማት። ዓለምነው እናቱን ያስቀመጠበት ቦታ ላይ ነበር እሷንም ያወጣት። ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ አልነበረውም። ይህን ማወቋ ግን ሕመሙን አልወሰደላትም፤ የምትቆጣው ሰው አሳጣት እንጂ። ቁጣዋ ማረፊያ አጥቶ ሜዳውን ይዞር ጀመር።

ማታውን አንድ አጭር መልእክት ላከችለት። «ቅዳሜ በሩጫው ማይክራፎኑን የምትይዘው አንተ ነህ። ልጆቹን አስባቸው።» ስለ ራሷ አልጻፈችም።

ቅዳሜ የልጃገረዶች የጎዳና ሩጫ ነበር። ከገሳይ በኩል ካለው መንገድ ተነሥቶ ሜዳው ላይ የሚያበቃ ነው። ሕዝቡ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል፤ ባጃጆች ቆመዋል፤ ልጆች የአጥር ግንብ ላይ ተንጠላጥለዋል። የፈንታነሽ አባት አያ ደሞዜ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከመድረኩ ሥር ቆመዋል። ልጃቸው ስትሮጥ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ድንቅነሽ እንዲመጡ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታለች፤ ዛሬ መጥተው ስታያቸው ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይሄ ብቻ ቢሳካ ይበቃኛል ብላ ነበር።

ዓለምነው መድረኩ ላይ ነው። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሱ ሰላምታ የሚሰጥ መስሎ እጁን አነሣና ግማሽ መንገድ ላይ ተወው።

ፈንታነሽ ብቻዋን ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ከኋላዋ ማንም የለም። ሜዳው ጮኸ።

«ወንድ! ወንድ ናት! በለው፣ አንተ ወንዱ!»

ዓለምነው ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ድንቅነሽ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች፤ ሜዳው ሁሉ ሰማ። «ሴት ናት!» አለ።

ለቅጽበት ጸጥ አለ። ከዚያ ሕዝቡ በሣቅ ፈነዳ።

«ሴት ናት እላችኋለሁ!» አለ ዓለምነው፣ ጆሮው እየቀላ። «እንዲህ የምትሮጠው ሴት ናት! ያሸነፈችው ሴት ናት!»

«መምህር፣ ምን በድላዎት ነው?» አለ አንዱ ከባጃጅ ውስጥ።

«ጠግበው ነው እንዴ ዛሬ?» አለ ሌላው። ሣቁ ጨመረ። ፈንታነሽ ክሩን በደረቷ በጥሳ ቆማ፣ እጆቿን ወደ ሰማይ እንዳነሣች፣ ሕዝቡ በምን እንደሚሥቅ ግራ ገብቷት ዞር ዞር አለች። በእሷ የሚሥቁ መሰላት። እጆቿ ወረዱ።

አያ ደሞዜ ሰውን ገፍተው መድረኩ ሥር ደረሱ። ዱላቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

«አንተ መምህር! ልጄ አሸንፋ እያየህ በሰው ፊት ሴት ትላታለህ? ምን አጠፋችብህ?»

«አያ ደሞዜ፣ ስድብ አይደለም! ይመኑኝ፣ ማወደሴ ነው።»

«ስድብ ካልሆነ ለምን ያሥቃል?»

ታሪክ አስተማሪው፣ ከተማው ሁሉ የሚያደምጠው ሰው፣ ወደ አያ ደሞዜ አጎነበሰ። ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገ እንጂ አላጠፋውምና፣ ለሽማግሌው ብቻ የተናገራት ነገር በድምፅ ማጉያው ሜዳውን ዞረች። «እኔም የምጠይቀው እሱን ነው።»

ጥቂት ሰዎች ሣቃቸውን አቆሙ። ብዙዎቹ አላቆሙም። ሯጮቹ ተራ በተራ ገቡ። መጨረሻ ላይ መሠረት ብቅ ስትል ከአጥሩ ላይ አንድ ጎረምሳ «ሴቷ መጣች!» ብሎ ጮኸ። መልሶ የሚጮህ ግን አላገኘም። ድንቅነሽ ያን ዝምታ በምን እንደምትተረጉመው አላወቀችም፤ ሰዉ አፍሮም ይሆናል፤ ሰልችቶትም ይሆናል።

ፈንታነሽ ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ እንዳደረገች እያለቀሰች መጣች። «ኮች፣ መምህር ዓለምነውን ምን አድርጌያቸው ነው?»

«ምንም አላደረግሽም። አሸነፍሽ። ያሸነፍሽውም ሴት ሆነሽ ነው፤ ሊሉ የፈለጉት እሱን ነው።»

«እሺ ኮች» አለች ልጅቷ፣ ያላመነ ተማሪ እሺ እንደሚለው። አባቷ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷትና ይዘዋት ሄዱ። ዞረው ድንቅነሽን አዩዋት። ቁጣም አልነበረም፤ ስንብትም አልነበረም። ሰኞ ልጅቷን ወደ ልምምድ ይልኳት ይሆን ወይስ ይተዉ ይሆን፣ ከዚያ አስተያየት ማወቅ አልቻለችም።

ሕዝቡ ሲበተን ዓለምነውን ከመድረኩ ጀርባ አገኘችው። የድምፅ ማጉያውን ገመድ እየጠቀለለ ነበር፤ ጠቅልሎ ጠቅልሎ ሲተበተብበት ደግሞ ይፈታዋል።

«አበላሸሁት» አለ፣ ቀና ሳይል።

«አበላሸኸው።»

«ልጅቷ አለቀሰች።»

«አዎ።»

ገመዱን መሬት ላይ ወረወረው። «ስድብ አይደለም ስላቸው ይሥቃሉ! ደግሜ ስላቸው ይብስ ይሥቃሉ! አያ ደሞዜ እኮ እውነታቸውን ነው፤ ስድብ ካልሆነ ለምን ያሥቃል? ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው? በምን ቋንቋ?» ድንቅነሽ ይህን ሰው በብዙ መልኩ አይታዋለች፤ ሲደሰት፣ ሲያፍር፣ ሲለማመጣት። እንዲህ ሆኖ ግን አይታው አታውቅም። «አንቺ ይሄን ሁሉ ዘመን እንዴት ቻልሽው?» አላት።

ያን ጥያቄ የሚጠይቃት ሰው እንደምትፈልግ ራሷም እስከ አሁን አታውቅም ነበር። ጎንበስ ብላ የገመዱን አንዱን ጫፍ አነሣች። እሱም ሌላውን ጫፍ አነሣ። ከሁለት በኩል ይፈቱት ጀመር።

«ሽማግሌዎቹን እንዳይሄዱ ነግሬያቸዋለሁ» አለ ከቆይታ በኋላ። «እንዳልሽኝ አደረግኩ። እማዬም ሰምታለች። ልወቅስሽ አይደለም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«መልሰህ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«ነገ በጠዋት እንዲሄዱ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ነው የሚሆን።»

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። «ይቅር አልሽኝ ማለት ነው?»

«አላልኩም። አሁንም ተናድጃለሁ።»

«በእኔ?»

«በአንተም። በሕዝቡም። በእናትህም፣ በአያ ደሞዜም፣ እዚያ አጥር ላይ በነበረው ጎረምሳም።» ድምፏ ተሰበረ፤ እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም፤ ማንም ቢያይ ግድ አላላትም።

«እንዲህ ተናድደሽ ሳለሽ ሽማግሌ ይምጣ ትያለሽ?»

ቀና ብላ አየችው። የቀላው ጆሮው ገና አልበረደም፤ ዓይኖቹ ገና ከሕዝቡ ጋር ይጣላሉ።

«አይሂዱ ያልኩህ ቀን የተናደድኩት ብቻዬን ነበር» አለችው።